ከጋቢው ጫፍ የታሰሩት ሁለት ኪኒኖች

ጋሼ ቢሻው ሐኪም ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁት ጤነኛ ስለሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ስለማያምኑትም ነው። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ አርባ ዓመት ሙሉ ወጌሻ ሆነው ኖረዋል። ከፈረስ የወደቀው፣ ከዛፍ የተንሸራተተው፣ ሰርግ ቤት ሲጨፍር ትከሻው የወለቀው፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ አልፏል። አሠራራቸው አንድ ነው፤ እየዳሰሱ በሽተኛውን ያስጮሃሉ፣ የጮኸበት ቦታ ነው የተሰበረው። በቀርከሃ ስንጥር ጠፍረው ካሰሩ በኋላ ግን ጩኸት አይወዱም። «ቻል! አጥንት ሲገጥም ያማል» ብለው ውልቅ ነው።

ዘንድሮ ተራው የራሳቸው ሆነ። አይሱዙ ላይ ሲጫን የነበረ የከሰል ጆንያ ተንሸራቶ ቀኝ ቅልጥማቸው ላይ አረፈ። ሰው ሲጯጯህ እሳቸው እግራቸውን ዳሰሱ። ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ይህን የሚጠግን ቀርከሃ እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ልጃቸው ዓለምነው «እንጅባራ ሆስፒታል ልውሰድዎት?» ሲላቸው እንቢ ይላሉ ብሎ ነበር፤ እሺ አሉ። እሺ ሲሉም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የፈሩት መቆረጥን ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እንቁ የምትባል ጎረቤታቸው ክንዷ ተሰብሮ እሳቸው አሰሩላት፤ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ስትሄድ እጇ ከክርኗ በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቢሻው ለሰማውም ላልሰማውም «ደኅና እጅ ነበር፤ እነዚያ መቁረጥ ይወዳሉ» ሲሉ ኖረዋል። እንቁም አምናቸዋለች። ራሳቸው ያምኑት እንደሆነ ግን እንጃ።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋት ነርሷ ፍቅርአዲስ መጣች። ትናንት «ከራት በኋላ ምግብም ውሃም በአፍዎ እንዳይዞር» ብላ ያስጠነቀቀቻቸው እሷው ናት። ዛሬ ደግሞ በትንሽ ኩባያ ውሃና አንዲት ኪኒን ይዛለች።

«ይቺን ይዋጡ፣ አባባ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ናት። ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ እንዳይሠቃዩ ከወዲሁ ነው የምንሰጠው።»

«ውሃ ክልክል ነው አላልሽም?»

«ለኪኒኗ ያህል አንድ ጉንጭ ችግር የለውም።»

ጋሼ ቢሻው ኩባያውን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ላልመጣ ሕመም መድኃኒት የሚሰጥ ሰው፣ ምን ሊያመጣ እንዳሰበ ያውቃል ማለት ነው። ወደ ዓለምነው ዘወር አሉና፣ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት አይገባትም ብለው፣ በአዊኛ «ሊቆርጡኝ ነው፤ የሚያስውጡኝ እንዳልሰማ ነው» አሉት።

«ማንም አይቆርጥዎትም» አለች ፍቅርአዲስ፣ በአዊኛ፣ ያውም ከዓለምነው በጠራ አዊኛ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረጋጋ ነበር። ጋሼ ቢሻው ግን ቋንቋዋን ደብቃ መቆየቷን ያዙባት። ኪኒኗን ከምላሳቸው ሥር ሸጉጠው ውሃውን ጠጡ፤ ፊቷን ስታዞር አውጥተው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። አጥንት የሚናገረው በሕመሙ ነው። አፉን ከዘጉት፣ ቀና ተገጥሞ ይሁን ጠማማ በምን ያውቃሉ?

ሐኪሞቹ ከወገባቸው በታች አደንዝዘው እግራቸው ውስጥ ብረት አስገቡላቸው። አልጋቸው ላይ ሲመለሱ መጀመሪያ የቆጠሩት የቀኝ እግራቸውን ጣቶች ነው። አምስት። በዚህ እንኳ አላመኑም፤ ከሰዓት በኋላ የመጣችውንም ኪኒን ቋጠሯት።

ከዚያ ማደንዘዣው ለቀቀ። አርባ ዓመት በሰው ገላ ላይ ሲያዩት የኖሩት ሕመም የራሳቸው ሆነ። ጋቢያቸውን ነክሰው ቻሉ፣ ቻሉ፤ መቻል ሲያቅታቸው ጮሁ።

ፍቅርአዲስ ሮጣ መጣች። «ከዜሮ እስከ አስር ቢቆጠር ሕመሙ ስንት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቀውም ተጠይቀውም አያውቁም። «አስር» አሉ።

ካርዱን አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ የእግራቸውን ጣት ወደ ላይ ሳብ ሲያደርግ የባሰ ጮሁ።

«ሁለት ጊዜ ማስታገሻ ወስደው እንዲህ ካመማቸው ደግ አይደለም» አላት። «እብጠት የደሙን መንገድ እየዘጋው ይሆናል። ቶሎ ከፍተን ካላስተነፈስነው እግሩ ይሞታል። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ይዘጋጅ።»

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ በሕመሙ ብቻ አወቁት?» አሉ ጋሼ ቢሻው።

«እብጠት ሲዘጋም፣ ማሰሪያ ሲጠብቅም መጀመሪያ የሚናገረው ሕመሙ ነው፣ አባባ። እሱን ሳንሰማ ከቆየን ነው መቁረጥ የሚመጣው።»

ጋሼ ቢሻው የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ሁለቱ ኪኒኖች፣ አንደኛዋ በምራቅ ተልጣ፣ መዳፋቸው ላይ ወጡ። ዓለምነው በሐፍረት አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና እግራቸውን እንደገና ዳሰሰው። ባቱ እብጠት እንደዘጋው እግር አልጠጠረም። «መድኃኒቱን ይውሰዱና አጠገባቸው ሆነን እንይ» አለ። ፍቅርአዲስ አዲስ ኪኒን አስዋጠቻቸው፤ አፋቸውን አስከፍታ፣ ምላሳቸውን አስነስታ ሥሩን አየች። አሁን የምትጠረጥረው እሷ ነበረች፣ አይፈረድባትም።

ቆይቶ ሕመሙ ጋብ አለ። እግራቸው መትረፉ ታወቀ። ጋሼ ቢሻው ግን ደስ አላላቸውም። እንቁ ሦስት ቀን ነበር የጮኸችው። ጣቶቿ አብጠው፣ ጠቁረው አይተዋል። «ቻዪ፣ አጥንት እየገጠመ ነው» ብለዋት ማሰሪያውን ሳያላሉ ወጥተዋል።

«እንቁ ጋ ደውልልኝ» አሉ ልጃቸውን።

ስልኩ ሲነሳ ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት። «ጋሼ ቢሻው! እግርዎን ቆረጡት እንዴ? ውይ፣ እነዚያ መቁረጥ ይወዳሉ እኮ!» ከልቧ አዝናላቸዋለች።

የገዛ ቃላቸው ተመልሶ ጆሯቸው ገባ። ስልኩን ለልጃቸው ሊመልሱ ቃጣቸው፤ አልመለሱም።

«የለም፣ እንቁ፣ አልቆረጡኝም» አሉ። «ያንቺንም እጅ ያጠፉት እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ።»