አፉን የለጎመው ሾፌር

ሾፌሩን በመስመሩ ላይ የማያውቀው የለም። ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መንገድ ሲመላለስ ፀጉሩ ሸብቷል። ተሳፋሪው «አባ ጨዋታ» ይለዋል፤ ያለ ነገር አይደለም። በመስታወቱ እያየ ነርሷን «አዳሩ እንዴት ነበር?» ይላታል። ራሰ በራውን ፀጉር አስተካካይ «አንተ፣ የራስህን ማን ጨረሰብህ?» ብሎ አውቶቡሱን በሳቅ ይሞላዋል። ሚስቱ «አንተ ሰው የምታመላልሰው ወሬ ለመልቀም ነው» ትለዋለች፤ እሱም አይክድም።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ በየአውቶቡሱ፣ ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ሽንብራ የምታክል ካሜራ አስገጠመ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ካነሳ ወይም ከንፈሩን ካንቀሳቀሰ ጢጥ ትላለች፤ ጢጥ ያለችበትንም ሁሉ ለስምሪት ክፍል ትልካለች። ፌርማታ የሚጠራ የማሽን ድምፅም አብሮ ተገጠመ። በመጀመሪያው ሳምንት አባ ጨዋታ ከድርጅቱ ሾፌሮች ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ በጢጥታ ብዛት።

ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ከመጣ ከሥራ እንደሚታገድ ሲነገረው አፉን ለጎመ። ነርሷ «ጋሼ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አለችው። በጣቱ ወደ ካሜራዋ ጠቆማትና መንዳቱን ቀጠለ።

ማክሰኞና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ይቀመጣሉ፤ እሱም ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ «እማማ፣ ደርሰናል፤ ቀስ ብለው» ይላቸው ነበር። አንድ ማክሰኞ መንገዱ ተቆፍሮ አውቶቡሱ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። የማሽኑ ድምፅ ይህን ከየት ይወቅ? ሁለት ፌርማታ ሲቀር «ሆስፒታል» አለ። እማማ ተነሡ። አባ ጨዋታ በመስታወቱ አያቸው። ሊናገር ሲል ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ትዝ አለውና ምላሱን ዋጠ። ሌላ ሰው ይነግራቸዋል ብሎ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ግን ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እማማ ወረዱ፤ በሩ ተዘጋ።

ዓርብ ዕለት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ተሳፈረች።

«እናቴ በዚያ ፀሐይ አጥር እየዳበሰች ነው የሄደችው። ስትደርስ ተራዋ አልፏል። አንድ ቃል ጋሼ! አንድ ቃል ቢናገሩ ምን ይጎድልብዎታል?»

«ተይው ልጄ፣ ሥራው ሆኖበት ነው» አሉ እማማ። ከልጅቷ ቁጣ ይልቅ ይህ አንጀቱን በላው።

ከሥራ እንደወጣ ደሙ ፈልቶ ስምሪት ክፍል ገባ። ኃላፊዋ በዕድሜ የምታንሰው፣ ትሁት ሴት ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችው። አልተቀመጠም።

«በሃያ ሦስት ዓመት ሰው ገጭቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም ጋሼ።»

«መኪናስ ጭሬ?»

«የለም።»

«ታዲያ አፌ ምን አደረጋችሁ?»

ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችለት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከምሳ በኋላ የተቀረጸ የራሱ ፊት ነው። ዓይኑ ይከደናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ጢጥ! ደንግጦ ፍሬን ይይዛል። ከፊቱ የቆመውን የጭነት መኪና ያን ቀን ለጥቂት ነበር የሳተው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

«ለማንም አላሳየሁትም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አሁን ተቀመጠ። ንዴቱ አልበረደም፤ መውጫ ነው ያጣው።

«እንቅልፌን ትጠብቅልኝ፣ እሺ፤ እግዜር ይስጣት። በሰላምታዬ ግን ምን አገባት?»

«አትለይም ጋሼ። እኛ ደግሞ ማስተካከል አንችልም። ቅሬታ ካለዎት በስልክ የሚሞላ ቅጽ አለ።»

ቤቱ ሄዶ መነጽሩን ሰክቶ ቅጹን ከፈተ። የቅሬታውን ምክንያት ያስመርጣል፤ የመብራት ችግር፣ የካሜራ ብልሽት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን ነካና «የምጭነው ሰው ነው፣ ድንች አይደለም» ብሎ ጻፈ። ወዲያው መልስ መጣ። «አስተያየትዎን ተቀብለናል። እባክዎ አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑ።» ስልኩን ከግድግዳ ጋር ሊያላትመው ምንም አልቀረው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ከዚያ የራሱን ዘዴ ዘየደ። ሲነዳ ድንጋይ ይሆናል፤ ፌርማታ ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ተነሥቶ፣ ሰላምታውን ያዳርሳል። እማማንም ክንዳቸውን ደግፎ ያወርዳል። ካሜራዋ የምታየው የሾፌሩን ወንበር ብቻ ነውና ትንፍሽ አላለችም። ከካሜራዋ ጎን ያለው የሰዓት መቆጣጠሪያ መብራት ግን ቀላ፤ በቀን አርባ ደቂቃ ይዘገይ ጀመር። አንድ ጠዋት ከኋላ «ጋሼ፣ ጨዋታው ይቅርብንና ይንዱ! ሥራ ረፈደብን እኮ!» የሚል ሰማ። ዞር ቢል ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሰውዬው አልቀለደም።

አባ ጨዋታ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ፍሬኑን ለቆ ነዳ።

በወሩ መጨረሻ በዚሁ መዘግየት ምክንያት ወደ ፈጣኑ መስመር ተዛወረ። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ፌርማታ ብቻ ነው፤ ሾፌሩንና ተሳፋሪውን የመስታወት ግድግዳ ይለያቸዋል። ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወረደ አያውቅም። ቤት ሲገባ ሚስቱ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ይላል፤ ከዚያ የሚቀጥል ነገር ይፈልጋል፣ ያጣል። እሷም ያ ወሬ ለቃሚ ባሏ የት እንደ ገባ ግራ ይገባታል።

ከተዛወረ በስድስተኛው ወር የስምሪት ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ፎቶው ወጣ፤ «የወሩ ምርጥ ሾፌር»። ባልደረቦቹ አጨበጨቡለት። ሰው ሲበተን ወደ ኃላፊዋ ቀረበ።

«ይህን አውርዱልኝ።»

«እኔ እኮ አይደለሁም ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው የሚያወጣው። እስከ ወር መጨረሻ ይቆያል።»

ፎቶውን አንዴ አየው። ከዚያ ለጡረታ ስንት እንደ ቀረው እንድታይለት ጠየቃት። ፈልጋ ነገረችው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። አመስግኗት የአውቶቡሱን ቁልፍ ከሰሌዳው ሥር አንሥቶ ወጣ፤ የከሰዓቱ ምልልስ ሊጀምር አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው።