የጋሽ ነስሩ እጆች

ዛሬ ጠዋት ወልቂጤ መናኸሪያ ቆሜ ተደወለልኝ። "ጋሽ ነስሩ አረፉ።"

"የትኛው ነስሩ?" አልኩ። ሌላ ነስሩ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ቡታጅራ ስደርስ ተቀብረዋል።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ነስሩ አሁን በሩ በሰንሰለት በታሰረው የጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሽመና ማሽን ላይ ሠርተዋል። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነበር። ፋብሪካው ተዘግቶም ምልክቱን አልተዉትም። አንድ ቀን ጋሽ ነስሩ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከአስፋልቱ ማዶ ከቆመ የድሮ ባልደረባቸው ጋር በእጅ ሲሰዳደቡ አይቼ በሳቅ ፈርሻለሁ።

"ምን አሉት?"

"በዚህ ዕድሜህ ሱሪ ማጥበብ ምንድነው? አልኩት።"

"እሱስ?"

"የሱን ለማስተር ተማሪ አልናገርም።"

የማስተርስ ጥናቴ ይኸው ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋ ሰዎቹ ምን ይሆናሉ? ምልክቶቻቸውን በቪዲዮ ላስቀር፣ የሚያስታውሱትን ልጽፍ ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ አስገባሁ። ደንቡ ፈቃድ ሳይመጣ ማንንም አትቅረጪ ይላል። ጎበዝ ተማሪ ነኝና ጠበቅሁ።

ጋሽ ነስሩ በየጁምዓው ከሶላት መልስ የድሮ የሥራ ጋዋናቸውን ለብሰው እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር።

"ማስተሯ፣ ዛሬ ነው?"

"ገና ነው ጋሽዬ፣ ደብዳቤው አልመጣም።"

ጋዋኑን አውልቀው፣ አጥፈው፣ በብብታቸው ይዘው ይመለሱ ነበር።

ደብዳቤው ባለፈው ሳምንት መጣ። "ርዕሱ ወቅታዊ አይደለም።" ከኮሚቴው አንዱ በቃል ጨመሩልኝ፦ "የተዘጋ ፋብሪካ ምን ይጠናል? ስለሚከፈቱት ጻፊ፣ ድጋፉ ወዲያው ይለቀቅልሻል።"

ለጋሽ ነስሩ ስነግራቸው ሁልጊዜ የሚሉትን አሉኝ። "ክር ነው የተበጠሰው። ቀጥዪው።"

ያኔውኑ ስልኬን ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን "መጀመሪያ ይግባኝ ልበል" አልኳቸው።

ይግባኙን ዛሬ ቀድጄዋለሁ። ርዕሴንም አልቀይርም። ኮሚቴው ይህን ካነበበ ያንብበው፤ ነገ ለቅሶው ላይ ካሉት ባልደረቦቻቸው ጋር በዚህችው ስልክ መቅረጽ እጀምራለሁ። እሺ ብለውኛል።

ጋሽ ነስሩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስለ እርስዎ ሲያወሩ የዋሉት በእጃቸው ነው። "ፈረቃህ አልቋል፣ ሂድ" የሚለው ምልክት ላይ ግን ተከራከሩ። ሦስት ባልደረቦችዎ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። የእርስዎ የትኛው እንደነበር እርግጠኛ የሆነ አንድም ሰው ጠፋ።

ቀርጬ ማስቀረት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ማታ ከመሄዴ በፊት ከፋብሪካው በር ፊት ቆሜ ሦስቱንም ምልክቶች በእጄ ሠራኋቸው። አንዱ የእርስዎ ይሆናል። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።