ሁለት ዓይን ያለው ሞት

ትናንት ረፋድ ላይ መምሬ ተድላ ሥዕሌን ሊያቃጥሉ መጡ። ወሬው ድባጤ ገበያ ደርሶ ከመጣመሙ በፊት እኔው እንደሆነው ልናገር።

ነገሩን ያመጣው ሐሚድ ነው። ሐሚድ ከአሶሳ በኩል በአህያ ስኳርና ጨርቅ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ነው፤ ሲያልፍ እኔ ቤት ያርፋል። ባለፈው ሲመጣ ስኳሩ በፈረንጅ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ሥዕል አለ... ጣሪያው እንደ ጦር የሾለ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅጠል የሌለው ዛፍ፣ የሌሊት ወፎች። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ። ደጅ ተቀምጬ ሳየው ጀንበር ጠለቀችብኝ።

ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ግን የሰው ትእዛዝ ነው፤ ለአንዱ ጊዮርጊስ፣ ለሌላው ሚካኤል። ይህን ለራሴ ልሠራ ቆረጥሁ። የቀርከሃ ከሰል ፈጭቼ በቆዳ ሙጫ ለወስሁ፤ ቁመቴን የሚያህል አቡጀዲ ወጠርሁ። የሾለውን ቤት፣ ዛፉን፣ ወፎቹን ሣልሁ። በሩ ላይ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ ሞትን አቆምሁት። ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ያያል።

ጠቡ የመጣው ከዓይኑ ነው። የሠዓሊ ልማድ የታወቀ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ ክፉ ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን።

ባለቤቴ በላይነሽ ገና ስታየው ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ! አንዱን ዓይን አጥፋው! እንዲህ እያፈጠጠብኝ እንዴት ወጥ አማስላለሁ?»

«ዞረሽ አማስይ» አልኋት።

ከትናንት ወዲያ ሐሚድ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ አያ ጎሹ፣ የእኛ ሼህ ይሄን ካየ ዓይን ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላት ራሱ ይከለክላል።»

እንግዲህ አንዷ አንድ ዓይን ትላለች፣ አንዱ ምንም ይላል። እኔ ሁለት ብያለሁ። ሞት ክፉ አይደለም፤ የተላከ ነው። የተላከን ሰው ደግሞ ዓይኑን አላጠፋም።

በዚሁ ቀን ወሬው የደረሳቸው መምሬ ተድላ ሰው ላኩብኝ። «አንዱን ዓይን ካላጠፋህ ነገ መጥቼ አቃጥለዋለሁ። የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሌላ ሰው ይሥለዋል» ብለው።

ያ ግድግዳ ጭቃው ከተለሰነ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርሁት ነው። ከሰሉን በጥብጬ ወደ ዓይኑ ቀረብሁ... እጄን አነሣሁ... መልሼ አወረድሁት። አላጠፋሁም።

ትናንት ጠዋት በላይነሽ «እኔ ይህን ዓይን አላይም» ብላ ነጭ ነጠላዋን ከላይ እስከ ታች ጋረደችበት። ተውኋት፤ ጋረደችው እንጂ አላጠፋችውም።

ብዙም ሳይቆይ መምሬ መሬቱን በዱላቸው እየመቱ ደረሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። በሩን እንዳለፉ ግን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ መጋረጃ አዩ... ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል የሚከደነው እንዲህ ነው። ልማድ ከቁጣ ይፈጥናል። አማተቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ መጋረጃውን በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«የታለ ያ ሰይጣንህ?»

በላይነሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። እኛ ቤት ያደረው ሐሚድ ግን አልቻለም።

«መምሬ፣ አሁን ሳምከው እኮ!»

መምሬ ነጠላውን ገለጡት። ሞት በሁለት ዓይኑ አያቸው። እሳቸውም አዩት... ቆየት ብለው አዩት።

«እንዲህ ቆሞ ነው የሚጠብቀን?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ተልኮ ነው መምሬ። የላከውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።»

«አፍህ ከከሰልህ ይብሳል!»

«ይሁን። የተሳለሙትን ግን እንዴት ያቃጥሉታል?»

ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቃቸውን ይዘው ኖሯል። ነጠላውን በገዛ እጃቸው መልሰው ጋረዱትና ወጡ። ደጅ ደርሰው ዞር አሉ።

«አያ ጎሹ! ለግድግዳው ቀይና ቢጫም አዘጋጅ! ከሰል ብቻ ይዘህ እንዳትመጣብኝ!»

እስኪርቁ ጠበቅሁና ሳቅሁ። ስስቅ ማንም እንዲያየኝ አልወድም።

በላይነሽ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ነጠላዬን መልስ እያለች ነው... ቄስ የተሳለሙትን እኔ አላወርድም።