ከላያችን የምትኖረው ዳኛ

የወለል ሳሙና ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ ዛሬም አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ በስደት አገራችን፣ ኪስታ የሚባል ሰፈር አጠገብ ያደግኩበት ፎቅ ቤት፣ ደረጃው ዓርብ ዓርብ በዚያ ሳሙና ይታጠብ ነበርና። ከላያችን የምትኖረው ኢነስ ግን ሽታውን ትወደው ነበር። ከቺሊ በስደት መጥታ፣ ሶልና ሆስፒታል ውስጥ ኮሪደር እየወለወለች ልጆቿን ለብቻዋ አሳድጋ፣ በዚያው ሕግ ተምራ፣ የስደተኞች ይግባኝ በሚታይበት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነች። ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆና እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት ይባል ስለነበር፣ ሰፈሩ በሙሉ ዘመዷ ካልሆንኩ ይል ነበር።

እኔና እማዬ የመኖሪያ ፈቃድ ነበረን፤ ከደሴ ዘግይቶ የመጣው አባዬ ግን ማመልከቻው ውድቅ ሆኖበት ይግባኝ ብሎ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንተያይ ነበር። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እማዬ አላስችል አላትና፣ አባዬ «ተይ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም» እያላት፣ ሽማግሌ ላከች። ወደ ማን? ወደ ኢነስ!

ሼህ ሁሴንና ጋሽ ግርማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እኔን የዘጠኝ ዓመቷን አስተርጓሚ አስከትለው፣ አንድ ፎቅ ወጡ። ኢነስ ደስ ብሏት ወንበር ብታቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ እሷ ከየት ታውቀዋለች? «ምነው፣ ወንበሬ ቆሸሸባችሁ?» አለች እየሳቀች። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የዚችን ልጅ አባት ነገር አደራ ልንልሽ ነው» ሲሉ ተረጎምኩላት። ሳቋ ጠፋ።

«ንገሪያቸው» አለችኝ፤ «ጎረቤታችሁ ስለሆንኩ ያንን ጉዳይ እኔ አላየውም። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል እንዳይጨምሩ። መምጣታቸውንም ነገ ለአለቃዬ መናገር አለብኝ።»

ይህን ስንነግራት እማዬ ራሷን ይዛ «በገዛ እጄ ባሌን አስባረርኩት!» አለች። ሽማግሌዎቹም ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

በረዶው ሲወርድ ኢነስ ከእኛ ጋር ሊፍት ውስጥ ከተገናኘች አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትልና ዓይኗን ቁልፎቹ ላይ ትተክል ነበር። እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ጣራችን ላይ ስትራመድ እያዳመጥኩ፣ ፈጠን ካለች ተቆጥታለች፣ ዝግ ካለች አዝናልናለች እያልኩ እጨነቅ ነበር፤ ወይ ሞኝነት! እማዬም እህል አልወርድ ብሏት ከስታ፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ያስቸግራት ነበር።

ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር ሌላ ዳኛ የሰጠው ውሳኔ መጣ። አባዬ አገሩ ተመልሶ፣ እዚያ ሆኖ ያመልክት ይላል። በበጋው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ኢነስ ከላይ ወርዳ፣ የሻንጣውን አንድ ጎን ይዛ፣ እስከ ቱነልባናው፣ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ፣ አደረሰችው። እማዬ ዞር ብላ አላየቻትም። ሁለት ዓመት ያለ አባት ኖርን፤ ከዚያ ተፈቅዶለት ተመለሰ፣ ነገር ግን የዚያን መከር ነገር ቤታችን ውስጥ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

አሁን ኢነስ ጡረታ ወጥታለች፣ አባዬም ፀጉሩ ነጥቷል። ባለፈው እሁድ አባዬ ኢነስን ጠርቷት እኛ ቤት ሻይ ስንጠጣ፣ በሆዱ ይዞት የኖረውን አወጣው። «ያኔ ጉዳዬን አንቺ ብታዪው ኖሮ ምን ትፈርጂ ነበር?»

«ኧረ በአላህ ተው!» አለች እማዬ ደንግጣ።

ኢነስ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔም እምቢ እል ነበር። ሕጉ እንደዚያ ነበር፤ ማንም ቢያየው ያው ነው።»

ደሜ ፈላ። እማዬ ግን ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት። «ሽማግሌ ባልልክስ ኖሮ?»

«ብትልኪም ባትልኪም።»

«እንግዲያ እኔ አይደለሁም ያስባረርኩት?» አለችና እማዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ራሷን ስትረግም ነው የኖረችው! ልጅ ሳለሁ ከኢነስ አፍ እምቢ የሚል ቃል እንዳይወጣ በየቀኑ ዱዓ አደርግ ነበር፤ ዛሬ ግን ቃሉ ሲወጣ እናቴ እፎይ ስትል አየሁ።