ተርቦ ይጠብቃል

ሰኞ ዕለት ወደ ጨንቻ ስወጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከዶርዜ በታች አንዱ ኩርባ ላይ ቆመ። ከፊታችን አንድ ነጭ ፒካፕ መንገዱን ዘግቷል። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ወጣቱ ሹፌር እጁ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊፈታ ጎንበስ ብሏል። በዚህ መሃል አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ከኋላችን ደረሰ። ሞተሩን በወጉ ሳያቆም ጥሎት ሮጠና ባዶ መዳፉን በዚያ የጋለ ክዳን ላይ ጫነው።

«ከከፈትከው ፊትህ የለም» አለ። አልጮኸም። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ሰውየው እጁን አንስቶ ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እኔ ግን መዳፉ መቅላቱን አይቻለሁ።

ሰውየው ካሱ ይባላል፣ መካኒክ ነው። የእኛ ሚኒባስ ሹፌርም ሞተሩን ላሳርፍ ስላለ ሁላችንም ወረድን። ነገሩን የሰማሁት እዚያው፣ የፒካፑ ሞተር እስኪበርድ ስንጠብቅ ነው።

ካሱ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። ሙያውን የተማረው ከዳገቱ በታች፣ ሲቀላ ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ፣ የሰው እጅ እያየና የወደቀ ሞተር እየፈታ ነው። አሁን ጋራዧ የእሱ ናት። እንቅልፉ ግን የእሱ አይደለም። መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያባንነዋል፤ «ይሄ ዘይት ይበላል»፣ «ያኛው ውሃ ጎድሎበታል» እያለ ምሳው ይቀዘቅዛል። ሚስቱ ልክነሽ «አንተ እኮ ከእኔ ጋር ተቀምጠህ ከመኪና ጋር ነው የምታወራው» ትለዋለች።

ከሁሉም በላይ ያላስተኛው ይህ ነጭ ፒካፕ ነው። ባለቤቱ ዙሁራ ትባላለች፤ ስኳርና ሳሙና ወደ ጨንቻ ታወጣለች፣ ከዚያ ፖም ታወርዳለች። አራት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድገው በዚህች አንድ መኪና ነው። አምና ሞተሩ ዳገት ላይ ፈልቶ ጋስኬቱ ተቃጠለ። ጋስኬት ማለት በሞተሩ አካልና ቴስታታ በሚሉት የሞተሩ ራስ መካከል የሚተኛው ስስ ሉህ ነው፤ እሳቱን፣ ዘይቱንና ውሃውን ለያይቶ የሚይዘው እሱ ነው። ቴስታታውም በሙቀቱ ተጣምሞ ስለነበር ካሱ አስላገው። የላገው ባለሙያ ሲመልስለት «ሳስቷል፤ ሁለተኛ አይላግም» ብሎታል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ደግሞ ከፈላ ያ ሞተር አለቀለት ማለት ነው። ካሱ ለዙሁራ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አላት። ከአፉ የወጣችው ይህች ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችው።

ጋስኬቱን ሲገጥም ብሎኖቹን እንደ አባቱ የሽመና ሥራ በእርጋታ ነበር የያዛቸው። ከመሃል ጀምሮ እያፈራረቀ ወደ ዳር፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ከዚያ ጠንከር፣ በሦስተኛው ዙር በልኩ። ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ብቻ አይሞላም፤ የራዲያተር ፈሳሽ ይጨምርበታል። ሌሎች ሞተሩ ይቀዘቅዛል ብለው አውጥተው የሚጥሉትን፣ የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም በቦታው መለሰው።

ነገር ግን ሹፌሩ፣ የዙሁራ ታናሽ ወንድም ሳላዲን፣ ባለፈው ቅዳሜ መኪናዋን ለዘይት ቅያሪ ሲያመጣ ሌላ ሐሳብ ነበረው።

«ጋሼ፣ ተርቦውን ትንሽ ጠበቅ ያድርጉልኝ። ዳገቱ ላይ አይሱዙ እንኳ ያልፈኛል።»

«ይለፍህ። ቀድሞህ ገበያውን አይጨርሰውም።»

«እናንተ የሸማኔ ልጆች መቼም መቸኮል አታውቁም!»

«ሸማኔ ቸኩሎ ሲስብ ክሩ ይበጠሳል» አለው ካሱ። «ተርቦ አየር አጭቆ ያስገባል፣ እውነት ነው ጉልበት ይሰጣል። ጉልበቱ ግን ጎማውን ብቻ አይገፋም፤ ቴስታታውንም ወደ ላይ ይገፋዋል። መሃል ላይ ሆኖ የሚችለው ያ ስስ ጋስኬት ነው። እስቲ ከእህትህ ጋር ልነጋገር።»

እሑድ ዕለት ካሱ ምዕራብ ዓባያ የቆመ የውሃ ፓምፕ ሊሠራ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አብራው ለምትሠራው ለአሰፋሽ በካርቶን ላይ ጽፎ የፒካፑ መሪ ላይ አሰረላት። አሰፋሽ ከዲታ የመጣች፣ እጇ ከብዙ ወንድ መካኒክ የሚበልጥ ሴት ናት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ዘይት ይቀየራል። ራዲያተር ይታጠባል። ተርቦ ይጠብቃል።

እዚያው አድሮ ሰኞ ረፋድ ላይ ሲመለስ ፒካፑ የለም።

«ሳላዲን ወሰደው» አለች አሰፋሽ እጇን እየጠረገች። «ዘይቱን ቀየርኩ፣ ራዲያተሩን አጠብኩ፣ ተርቦውንም ሦስት ዙር አጥብቄ ሰጠሁት። ደስታውን ቢያዩት!»

«ምን አደረግሽ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ይጠብቃል ብለው የጻፉት?»

«ይጠብቃል ማለቴ እኮ እኔን ይጠብቃል ነው! እስክመጣ እንዳይነካ!»

«ታዲያ ‹እኔን› የሚለውን ቢጽፉት ምን ነበረበት?» አለች፤ ከዚያ የሆነው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

ካሱ ላልቶም ጠብቆም የሚነበበውን ቃል ጽፎ ሲሄድ በልቡ የሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ሳላዲን ጋ ደወለ፤ ስልኩ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው። የጎረቤት ሞተር ሳይክል ለምኖ ዳገቱን ጀመረ። በየኩርባው ጭስ ፈለገ። መንገድ ዳር የቆመ ነጭ ነገር ባየ ቁጥር ነዳጅ ይጨምራል፤ ሲቀርብ ፍየል ወይም የተሰጣ ጋቢ ይሆናል። «አምላኬ፣ እኔን ስለ አፌ ቅጣኝ፤ የእሷን እንጀራ ግን ተውላት» እያለ ወጣ።

«መጀመሪያ እንደ ነብር ነበር የወጣችው» አለ ሳላዲን አሁን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ከዚያ የሙቀቱ መለኪያ ከመሃል አለፈ። እርስዎ ያዩኝ ያህል ደንግጬ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።»

«መቆምህ ደግ። ወዲያው ማጥፋትህ ግን አይሆንም። ዳገት የወጣ ተርቦ ቆሞ ቀስ እያለ ይሠራል እንጂ በአንዴ አይታፈንም።»

ካሱ መቀመጥ አቃተው። ሄዶ ቱቦውን በጣቱ ይነካል፤ ይመለሳል፤ ተመልሶ ይሄዳል። አንዲት ተሳፋሪ ውሃ በጀሪካን አምጥታ «ላፍስበት?» ስትለው «እናቴ፣ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል» ብሎ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ተቀበላት። ያኔ ነው ውሃ የቋጠረውን መዳፉን ያየችው። የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ በውሃው ነክራ አሰረችለት።

ክዳኑን በእጅ መያዝ ሲቻል ቀስ ብሎ ፈታው። ውሃው የጎደለው ጥቂት ነው። ሞላው። ዘይቱን ለካ፤ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም፣ ንጹሕ ነው። የተርቦውን ጉልበት የሚወስነውን ዘንግ አሰፋሽ ያጠበቀችውን ያህል አላላውና ሞተሩን አስነሳ። ሁላችንም ራዲያተሩ ላይ አጎነበስን። ጋስኬቱ ከተነካ ውሃው ውስጥ አረፋ ይፈላል። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ አምስት ደቂቃ አለፈ። ውሃው ዝም ብሎ ዞረ። አንዲትም አረፋ አልወጣችም።

ካሱ አማተበ። ሳላዲን «አልሐምዱሊላህ» አለ። እኔም በልቤ አመሰገንኩ።

ፒካፑ በዝግታ ወደ ጨንቻ ሲያልፍ ካሱ ወደ እኔ ዞረ። በብብቴ የያዝኩትን መጽሐፍ እያየ ትንሽ አመነታ።

«ወንድሜ፣ ማንበብ የምትወድ ትመስላለህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ? ለጋራዡ ግድግዳ የሚሆን ጻፍልኝ። ተርቦ እንዳይነካ፣ ብሎን ከመሃል እንዲጀመር፣ ዳገት የወጣ ሞተር ወዲያው እንዳይጠፋ። ግን አደራህን፣ ቢላላም ቢጠብቅም አንድ የሚሆን ቃል ፈልግ። ጽፈህ ስትጨርስም ለእኔ አታንብብልኝ። ለአሰፋሽ ስጣት፤ እሷ ታንብበው፣ እኔ እሰማለሁ።»