የዓሦቹን ላስቲክ የፈታሁ ዕለት

ሱቅ ዐረቢ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ጥግ፣ «ሞያ ባርዳ! ሞያ ባርዳ!» እያለ የሚዞረው ሰውዬ በላስቲክ የተቋጠረ ቀዝቃዛ ውኃ መዳፌ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ቋጠሮውን መፍታት ያቅተኛል። በካርቱም ሙቀት ካልሲ ሸጬ የምኖር ሴት ነኝ፣ የሚያቅተኝ ነገር ብዙ አይደለም፤ ይችን ግን አገላብጣታለሁ፣ አስቀምጣታለሁ፣ መልሼ አነሳታለሁ። ዛሬማ ባሰብኝ። የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ከአገር ቤት ልትገባ ነው፣ ደላላው አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ከመኪና አውርዶ በቀጥታ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ ሠራተኛ ለሚጠብቁ ሰዎች ሊያስረክባት።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ነበር። አባቴ የሐይቁ ጠባቂ ነው፣ ያውም በሙከራ፤ ከማራቢያ ጣቢያ የሚመጡት የዓሣ ጫጩቶች ሐይቁን ከለመዱ ቋሚ ይሆናል፣ ካልለመዱ ወደ ቀን ሥራው ይመለሳል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ የሚታሰብላቸው ገና ያልመጡት የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ነበሩ። ጣቢያ ሄዶ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል፦ አምባዛ እንዳይውጣቸው ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ፊላው ሥር ይለቀቁ፤ ከሁሉም በፊት ግን ላስቲኩ እንደታሰረ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፍ፣ የውስጡና የውጩ ውኃ ሙቀት እኩል እስኪሆን።

ጫጩቶቹ ፀሐይ ሲያቃጥላቸው አርፍደው በቀትር ደረሱ። አባቴ ስምንቱን ላስቲክ አንሳፈፈና «ቋጠሮ እንዳትነኪ» ብሎኝ፣ ዓሣ መልቀቁን ሊመርቅ የመጣው ሹም ፊት ሊሰለፍ ሄደ። ሹሙ ስለ ዓሣ ጥቅም ጀመረ፣ ወደ ልማት ተሻገረ፣ መመለሻው ጠፋው። እኔ ዓይኔ ላስቲኩ ላይ ነው፤ ጫጩቶቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ውኃው ለብ ብሏል። አሳዘኑኝ። ስምንቱንም ፈታሁ። ከዚያ ሙቀት ወጥተው ቀዝቃዛው ሐይቅ ሲነካቸው ተንቀጠቀጡ፣ ከዚያ ነጭ ሆዳቸው ወደ ላይ ዞረ። የሹሙ ንግግር ከዓሦቹ ዕድሜ ረዘመ።

ሁሉም ወደ ውኃው ሮጠ። አባቴ የረጠበ እጅጌዬን አየ፣ ወዲያው ወደ ሹሙ ዞሮ «ቋጠሮውን አላልቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ። በሳምንቱ ቀን ሥራ ላይ ነበር። ነገሩን ዳግመኛ አላነሳውም።

«ያላ እትዬ፣ ደረሰች!» አለኝ ደላላው። «ሰዎቹ ደጋግመው ደወሉ።»

«ይደውሉ። ልጅቷ አንድ ሳምንት ዴም ሰፈር፣ እኔ ክፍል ትቀመጣለች። ሙቀቱን ትልመድ፣ ዐረብኛውን ጆሮዋ ይስማ።»

«ሌላ ቢያስገቡስ?»

«ያስገቡ። ኢንሻላህ ካርቱም ቤት አላለቀባትም።»

እያጉረመረመ ሄደ። ሰዓዳ ፀሐዩ ዓይኗን አጭበርብሮት፣ ፌስታሏን አቅፋ ከመኪናው ወረደች። ውኃውን ሰጠኋት፤ ቋጠሮውን ዞር ብላም አላየችው፣ ጥጉን በጥርሷ ቀደደችና ጠጣች። ቆሜ አየኋት። ለአባቴ ግን በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ «ጥብቅ አድርገህ ነበር ያሰርከው» ሳልለው ቀረሁ።