ሲኞራ ፍራንካ ተራራችንን ሊያዩ ሲሄዱ

ከቤት የወጣሁ ዕለት ምሽት ከቀይ ባሕር የሚነሳው ጉም ተራራችንን እስከ አናቱ ሸፍኖት ነበር። እናቴ ላሞቹን ጥላ ልትሸኘኝ ስላልቻለች እየተጣራሁ ዳገቱን ወጣሁ፤ እሷም ከታች "አቤት" ትላለች። "አቤት" ማለቷ አልሰማ ሲለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ጀልባ፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አልደግመውም።

ሮማ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የምትውሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኛ ባሕሩን ተከትሎ በሚሄደው የተራራ ሰንሰለት ላይ የተወለድን ኤርትራውያን ሁለት ክረምት አለን። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ሲዘንብ ከብቶቻችንን ይዘን እዚያ ነን። ደጋው ሲደርቅ ደግሞ ዝናቡ ከባሕር በኩል ወደ ቁልቁለቱ ይመጣል፤ እኛም እንወርዳለን። ጥር ላይ ጥዱና ወይራው ውኃ ያንጠባጥባል፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። የሮማ የጥር ዝናብ ግን ጫማ ከማበላሸት በቀር የሚያበቅለው ነገር የለም።

እዚህ ባዳንቴ ነኝ፤ አሮጊት እጦራለሁ። አሮጊቷ ሲኞራ ፍራንካ የተወለዱት የት ቢሆን ጥሩ ነው? እዚያው እኛ ቁልቁለት ላይ! አባታቸው በጣሊያን ዘመን ደኑን መንጥረው ቡና ተከሉበት፤ የአያቴ ከብቶች የሚሰማሩበትን መሬት ማለት ነው። ኋላ ጦርነት መጣና ባለቡናዎቹ ሄዱ። ቡናውን ዝንጀሮ በላው፣ የግንብ ቤታቸውን ደኑ ዋጠው፣ እኛም ከላሞቻችን ጋር ተመለስን። ሲኞራ ግን እስከ ዛሬ "ተራራዬ" ይላሉ። 

አንድ ቀን ልጃቸው ማርኮ "ለነሐሴ እረፍት እናቴን ወስጄ ተራራዋን ላሳያት ነው" አለኝ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ ፖሊስ መምሪያው፣ ኩዌስቱራ ሄጄ የስደተኛ የጉዞ ሰነዴን ስቀበል፣ ፖሊሱ ገልጦ እያሳየኝ፣

"ከኤርትራ በቀር የትም መሄድ ትችያለሽ" ነበር ያለኝ።

"እኔ ደግሞ ከኤርትራ በቀር የትም መሄድ አልፈልግም።"

"አሎራ፣ እንግዲያው ጃፓን ቆንጆ ነው ይላሉ።"

ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ አይደል የሚባለው? አመስግኜው ወጣሁ።

በነሐሴ ቢሄዱ ቁልቁለቱ ደርቆ፣ ሰውም ከብትም ደጋ ወጥቶ፣ ባዶ ድንጋይ አይተው እንደሚመለሱ አውቃለሁ። ይሂዱና ይዩት ብዬ ዝም ልላቸው ቃጣኝ። ግን እናቴ አርጅታለች። እኔ ላላያት፣ የሚያያት ሰውም ልከልክላት? ነገሩ ሲያንገበግበኝ ሰንብቶ አንድ ቀን ሾርባ እያጎረስኳቸው ተነፈስኩት።

"ሲኞራ፣ በነሐሴ አይሂዱ። በጥር ይሂዱ፤ አረንጓዴ የሚሆነው ያኔ ነው። እናቴም ያኔ እዚያ ናት።"

"እናትሽ? ተራራዬ ላይ?"

"ተራራችን ላይ።"

ሲኞራ ትኩር ብለው አዩኝ። "ቫ ቤኔ፣ በጥር ይሁን" አሉና አፋቸውን ለሾርባው ከፈቱ።

በጥር ሄዱ። የእናቴን ስምና መንደሯን ለማርኮ ነግሬው ነበር። እኔ ቤት ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ፤ ሲኞራ ናቸው፣ እዚያ በቀጠሩት ሾፌር ስልክ።

"አገኘናት! ግን እናትሽ የለበስኩትን ኮት ይዛ አልለቅም አለች። ምን ፈልጋ ነው?"

"እስቲ ስልኩን ይስጧት።"

እናቴ ደህንነቴን እንኳ አልጠየቀችኝም።

"ይህችን ሴትዮ የምታለብሻት አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ልብሷንም የምታጥቢው?"

"ሁሉንም።"

"እንግዲያው ትንሽ ልያዛት፣ ልጄ" አለችና ስልኩን ለሰው ሰጠች።

ከዚያ በኋላ የላሞች ድምፅና የሲኞራ ሳቅ ብቻ ይሰማኝ ጀመር። እኔ ሮማ፣ ሰው በሌለበት ሳሎን መሐል ቆሜ፣ እናቴ በያዘችው አሮጌ ኮት ቀናሁ።